ነፋስን ተከትሎ መሮጥ

በዓለም ላይ ፈጣኑ መኪና የቱ እንደ ሆነ ብትጠየቁ ብዙዎቻችሁ ስሙን ከነቁጥሩ ሳታመነቱ ትናገራላችሁ። ቪዲዮውን አይታችሁታል፤ ለጓደኞቻችሁም ልካችኋል። እኔ ግን ይህ እሽቅድምድም አድናቆታችሁ አይገባውም እላለሁ። መኪና መውደድ ኃጢአት ስለ ሆነ አይደለም፤ ሞተር የሚፈጥር አእምሮ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ጠቤ ከቁጥሩ ጋር ነው።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2019 እንግሊዛዊው አሽከርካሪ አንዲ ዋላስ በጀርመን አገር፣ በኤራ ሌሲን መሞከሪያ ጎዳና ላይ፣ አንድ ቡጋቲ ሺሮን በሰዓት 490 ኪሎ ሜትር ነዳ። በሰከንድ 136 ሜትር ማለት ነው፤ የእግር ኳስ ሜዳን ለማቋረጥ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅም። ለዚህ ሲባል ጎማዎቹ በኤክስሬይ ተመርምረዋል፣ መኪናው ወደ መሬት ዝቅ ተደርጓል፣ ነጂውን የሚጠብቅ የብረት መከላከያ ተገጥሞለታል። በ3.5 ሚሊዮን ዩሮ ለገዢዎች የቀረቡት 30 መኪኖች ግን ፍጥነታቸው ከዚያ በታች ተገድቧል። ታዲያ ገዢው ምን ገዛ? እርሱ የማይደርስበትን ቁጥር!

በዚያ ላይ ሩጫው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር። የፍጥነት ክብረ ወሰን ግን የቆየ ሕግ አለው፤ መኪናው ከሄደ በኋላ ዞሮ በዚያው መንገድ ይመለሳል፣ የሁለቱም ጉዞ አማካይ ይያዛል። ነፋስ ከኋላ ሲገፋ፣ መንገዱም ቁልቁል ሲያዘነብል ማንም ይፈጥናል። የስዊድኑ ኮኒግሴግ አጌራ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ኔቫዳ በረሃ ሄዶ ተመልሶ፣ በአማካይ 447 ኪሎ ሜትር በማስመዝገብ ይህን ሕግ አክብሯል።

የሚያሳዝነው ከሦስት ዓመት በኋላ የሆነው ነው። ቱዋታራ የተባለው የአሜሪካ መኪና በዚያው በኔቫዳ በአማካይ 508 ኪሎ ሜትር ሮጠ ተብሎ ለዓለም ታወጀ። ተመልካቾች ግን ቪዲዮውን ከመንገዱ ዳር ምልክቶች ጋር እያስተያዩ ቢያሰሉት አልገጥም አላቸው። ኩባንያው በመጀመሪያ ችግሩን በቪዲዮው አቀነባበር አሳበበ፤ በ2021 ግን በዚያ ቀን የተባለው ፍጥነት ላይ እንዳልተደረሰ አመነ። መኪናው በዚያው ዓመት በጥር እንደገና ሲለካ በሁለቱም አቅጣጫ አማካዩ 455 ሆነ።

አስተውሉ! 455 ከ447 ይበልጣል። እውነቱ ራሱ ይበቃ ነበር። የማንንም ልብ የምፈርድ እኔ አይደለሁም፤ ነገር ግን ሰው ለቁጥር ሲሰግድ እውነት እንኳ ታንሰዋለች።

«ቴክኖሎጂ የሚያድገው እንዲህ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እንግዲህ እናስላው። አየር ፈጥኖ የሚመጣበትን አጥብቆ ይቃወማል፤ ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ ስምንት እጥፍ ጉልበት ያስፈልጋል። ማክላረን ኤፍ 1 እ.ኤ.አ. በ1998 386 ኪሎ ሜትር የደረሰው በ627 የፈረስ ጉልበት ነበር። ቡጋቲ 490 ለመድረስ ወደ 1,600 አስፈለገው። 104 ኪሎ ሜትር ለመጨመር አንድ ሺህ ያህል የፈረስ ጉልበት፤ ያውም በየትኛውም ከተማና አገር አቋራጭ መንገድ ላይ ማንም ለማይጠቀምበት ፍጥነት! በባቢሎን ግንብ የሠሩትም ጡብ መሥራት ያውቁ ነበር፤ የጎደላቸው ችሎታ አልነበረም።

በሌሎች ላይ ብቻ እንዳንፈርድ ወደ ራሳችንም እንመልከት። የመዝሙራችንን ቪዲዮ ስንት ሰው አየው? ኮንፈረንሱ ላይ ስንት ሰው ተገኘ? ስንት እጅ ተነሣ? እኛም ነፋስ ከኋላ ሲገፋን የተለካውን ቁጥር ይዘን እንመሰክራለን። መዝሙሩ ሞቆ፣ ወንድሞችና እህቶች ከብበውን ስንጸልይ ፈጣኖች ነን። መመለሻው ግን ሰኞ ነው። ማንም «አሜን» በማይልበት ክፍል፣ ፈተና ስንኮርጅ ወይም ስንታመን፣ ከተቀየምነው ወንድም ጋር ፊት ለፊት ስንገናኝ፣ ነፋሱ ከፊት ይመጣል። ጌታ የሚያየው ሁለቱንም ጉዞ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው የክብረ ወሰን ቪዲዮ ሲላክላችሁ ከመደነቃችሁ በፊት «ተመልሷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በወጣቶች ኅብረታችሁ ሪፖርት ሲቀርብም ያንኑ ጠይቁ፤ በኮንፈረንሱ እጃቸውን ካነሡት መካከል ዛሬ የት እንዳሉ የምታውቁት ስንቱን ነው?