ከአራስ ቤት እስከ ሜዳ

አንዲት ሠራተኛ ነፍሰ ጡር መሆኗ ሲታወቅ «እንግዲህ ሥራው ቀረ» የሚል ሰው ከጎረቤትም ከመሥሪያ ቤትም አይጠፋም። ሥራዋ ሩጫና ዝላይ የሆነ እንደሆነማ ነገሩ ያበቃለት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣት አሜሪካዊት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሼሪል ስውፕስ ይህ ግምት ስሕተት መሆኑን በሥራዋ ያስመሰከረች እናት ናት።

ሼሪል እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ግዛት ብራውንፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። እርሷንና ወንድሞቿን ያሳደገቻቸው እናታቸው ብቻዋን ነበረች። ኳስ የለመደችውም ከታላላቅ ወንድሞቿ ጋር እየተጋፋች ሲሆን፣ በሰባት ዓመቷ በልጆች ቡድን ውስጥ ገብታ መወዳደር ጀመረች። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ስትጨርስ በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተቀበላት፤ ሆኖም የቤቷ ናፍቆት ቢበረታባት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመለሰች። ከዚያም በቤቷ አቅራቢያ ባለ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምራ ወደ ቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረች። በ1993 ቡድኗ ኦሃዮ ስቴትን 84 ለ82 አሸንፎ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሲሆን፣ 47ቱን ነጥብ ያስቆጠረችው እርሷ ነበረች። እስከዚያ ቀን ድረስ በዩኒቨርሲቲዎቹ የፍጻሜ ጨዋታ ይህን ያህል ያስቆጠረ ወንድም ሆነ ሴት አልነበረም።

ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ሴቶች ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚጫወቱበት ዘላቂ ሊግ ስላልነበረ፣ ሼሪል ወደ ጣሊያን ሄዳ ለአጭር ጊዜ ተጫወተች። በ1995 ናይኪ የተባለው ኩባንያ በስሟ የሚጠራ ጫማ ሠራላት፤ እንዲህ ያለ ዕድል ለሴት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የመጀመሪያው ነበር። በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች። ደብሊው ኤን ቢ ኤ የተባለው የሴቶች ሊግ ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዷ ሆና ለሂውስተን ኮሜትስ ተመደበች።

ብዙ ሴቶች ለዓመታት የጠበቁት በር ሲከፈት ግን ሼሪል ነፍሰ ጡር ነበረች። ሊጉ ጁን 21 ቀን 1997 ተጀመረ፤ ከአራት ቀን በኋላ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ስሙም በታዋቂው ተጫዋች በማይክል ጆርዳን ስም ጆርዳን ተባለ። ኦገስት 7 ቀን፣ ማለትም በወለደች በ43ኛው ቀን፣ ወደ ሜዳ ተመለሰች። በእኛ በክርስቲያኑ ልማድ ወንድ ልጅ ክርስትና ከሚነሣበት ዕለት ሦስት ቀን ብቻ ማለፉ ነው። በቀሩት ዘጠኝ ጨዋታዎች ተሰለፈች፤ ቡድኗም በፍጻሜው ኒውዮርክን 65 ለ51 አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ።

የእናትነት ኃላፊነት በዚያ አላበቃም። በ1999 ከባለቤቷ ጋር ተፋታች። በሚቀጥለው ዓመት በአማካይ በጨዋታ 20.7 ነጥብ እያስቆጠረች የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለች፤ ኮሜትስም ዋንጫውን ለአራተኛ ተከታታይ ዓመት አነሣ። በ2001 ጉልበቷ ተጎድቶ ዓመቱን በሙሉ ሳትጫወት ብትቀርም፣ በ2002 እና በ2005 እንደገና ኮከብ ሆና ተመረጠች። በ2000 እና በ2004 ኦሊምፒኮችም ወርቅ አገኘች። በ2011 የ40 ዓመት ሴት ሆና በሊጉ ተጫውታለች። በ2016 ስሟ በቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ሰፈረ።

እህቶች ሆይ፣ ይህን ስንጽፍ አራስ ሁሉ በ43 ቀን ከአልጋ ተነሥታ ትሩጥ ማለታችን አይደለም። የሴት አካል እንደየሰዉ ይለያያል፤ ሐኪም ሳያዩ መቸኮልም ጉዳት ያመጣል። ከሼሪል ታሪክ የሚወሰደው ቁም ነገር ሌላ ነው። ወልዳ ስትመለስ ቦታዋ ጠበቃት፤ ቦታዋ ቢጠብቃትም ያ ሁሉ ዋንጫ ተገኘ። ቦታዋን ያጣች እናት ግን ችሎታዋ የቱንም ያህል ቢሆን የት ታሳየዋለች?

ይህንኑ በመገንዘብ ይመስላል፣ የሊጉ ተጫዋቾች በ2020 በተፈራረሙት ስምምነት የወለደች ተጫዋች ሙሉ ደመወዟን እንድታገኝ ተወሰነ። ቀደም ሲል የተረጋገጠላት ግማሹ ብቻ ነበር። ጡት የምታጠባበት የተከለለ ቦታና ለሕፃን መጠበቂያ የሚሆን ገንዘብም ተጨመረ። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር ሰጥቷል። ለአባት የተሰጠው ሦስት ቀን ነው።

ታዲያ ሦስቱ ቀን ሲያልቅ የአባት ድርሻ አብሮ ያልቃልን? ሕግ ደመወዟን ያስከብርላት ይሆናል፤ ሌሊት የሚያለቅሰውን ሕፃን ተቀብሎ እናቱን የሚያስተኛት ግን ባልና ቤተሰብ ነው። ቅርጫት ኳስ አንድ ሰው ብቻውን የሚያሸንፍበት ጨዋታ አይደለም፤ ልጅ ማሳደግም እንደዚሁ ነው።