ቂም ለልጆቻችን አናውርስ

በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ በአንድ ወንበር ለመቀመጥ እንቢ ያሉ ሁለት ልጆች ገጥመውን ነበር። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው አንዱ አንገቱን ደፋ፤ ሁለተኛው ግን «አባቴ እንዳታነጋግረው ብሎኛል» ሲል መለሰልን። ነገሩን ብንመረምረው አባቶቻቸው በእርሻ ድንበር የተጣሉ ጎረቤታሞች ሆነው ተገኙ። ልጆቹ ድንበሩ የት እንደ ሆነ እንኳ አያውቁም፤ ቂሙን ግን ተረክበዋል።

አንደኛውን አባት አስጠርተን ብንመክራቸው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» አሉን። እኛም የተበደለ ሰው በደሉን ይርሳ አንልም። ነገር ግን መርሳትና ይቅር ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ለዚህም የአገራችን ታሪክ ምስክር ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ግድያ ፈጸሙ፤ ቤቱንም ከነሰዉ አቃጠሉ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ከዚህ የከፋ በደል ምን አለ? ዳሩ ግን ጠላት አዲስ አበባን በያዘ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ መናገሻ ከተማቸው ሲመለሱ ለሕዝቡ ያሰሙት ቃል ክፉን በክፉ እንዳይመልስና ጠላት የሠራውን ግፍ እንዳይሠራ የሚያሳስብ ነበረ። ከዚያም በኋላ ብዙ ኢጣልያኖች በአገራችን ተቀምጠው በእጅ ሥራቸው እንጀራቸውን በልተዋል።

ያ ምሕረት ግን እውነቱን አልደመሰሰም። በስድስት ኪሎ የሰማዕታቱ ሐውልት ቆሟል፤ በየዓመቱም የካቲት 12 ቀን ይታሰባሉ። ለሙታን ማልቀስ፣ የሆነውን እንደ ሆነ መናገር፣ በዳይም በሕግ ፊት እንዲጠየቅ መሻት ከይቅርታ ጋር አይጣላም። በቀል የምንለው ሰው ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ ቀጪ ሲሆን ነው።

ቅዱስ ዳዊትን እንመልከት። ሊገድለው ያሳድደው የነበረው ሳኦል በዓይንጋዲ ዋሻ በእጁ ላይ ቢወድቅለት የልብሱን ጫፍ ቆረጠ እንጂ ነፍሱን አላጠፋም። ይሁን እንጂ በደሉን ውጦ ዝም አላለም፤ ከዋሻው ወጥቶ ለሳኦል ገልጦ ነገረው፤ ፍርዱንም ለእግዚአብሔር ተወ። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮም ሰዎች በላከው መልእክት በቀል የእግዚአብሔር ድርሻ መሆኑን አስተምሮናል። እኛም በየዕለቱ አባታችን ሆይ ስንል የምንለምነው ይቅርታ ለወንድማችን በምናደርገው ይቅርታ የተመዘነ ነው። ይህን ጸሎት እየደገምን ቂም የምንቋጥር ከሆነ በራሳችን ላይ እንፈርዳለን።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ በገበታ ዙሪያ የጎረቤትን በደል በልጆች ፊት አናብዛ። የተጣላነው ሰው ቢኖር ጠቡ ሳይሰነብት የንስሐ አባታችንን ወይም የአገር ሽማግሌ እንላክ። ሽማግሌ በላኩ ጊዜ «ፈራ» እንባላለን ብለን አንስጋ። ጦር መምዘዝ ለተቈጣ ሰው ሁሉ ይቀልለዋል፤ ቍጣን ገትቶ የባላጋራን ደጅ ማንኳኳት ግን የብርቱ ሰው ሥራ ነው።

እነዚያ ሁለት አባቶች የድንበሩን ነገር ለሽማግሎች ሰጥተዋል፤ ገና አልተፈጸመም። ነገር ግን ልጆቻቸውን ከጠባቸው ለማውጣት ተስማምተዋል። ልጆቹም ዛሬ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ፤ አንዱ እርሳሱን ረስቶ የመጣ እንደ ሆነ ሌላው ያውሰዋል።