የጎዳና ላይ ሯጮችን የሚያሰናክለው ጉዳትና መንስኤዎቹ

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ የተሳታፊዎቹ ቁጥር 10 ሺህ ገደማ ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን ከ40 ሺህ የሚልቅ ሕዝብ 10 ኪሎ ሜትሩን ይሸፍናል። አብዛኛው ተሳታፊ የቢሮ ሠራተኛ፣ ነጋዴ ወይም ተማሪ እንጂ አትሌት አይደለም። ብዙዎች ልምምድ የሚጀምሩትም ቲሸርቱን ከገዙ በኋላ፣ የውድድሩ ቀን ሲቃረብ ነው።

በማግስቱ የሚሰማው የጡንቻ ሕመም በጥቂት ቀናት ይለቃል። አሳሳቢው በጉልበት፣ በቅልጥምና በተረከዝ ጅማት ላይ ቀስ በቀስ የሚጠራቀመው ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ በ2007 የወጣ የጥናቶች ግምገማ በረጅም ርቀት ሯጮች ላይ የሚደርሰው የእግር ጉዳት እንደየጥናቱ ከ19 እስከ 79 በመቶ እንደሚደርስ አመልክቷል። ቁጥሩ ይህን ያህል የተራራቀው «ጉዳት» ለሚለው ቃል ሁሉም አንድ ዓይነት ትርጉም ስለማይሰጠው ጭምር ነው። ያም ሆኖ በብዛት የሚጎዳው ጉልበት መሆኑንና ቀደም ሲል የተጎዳ ሰው ዳግም ለጉዳት ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን ግምገማው አረጋግጧል።

ጀማሪዎችን በተመለከተ እ.ኤ.አ በ2015 የቀረበ ትንተና በ1 ሺህ የሩጫ ሰዓታት 17.8 ጉዳት ሲመዘግብ፣ ልምድ ባላቸው የመዝናኛ ሯጮች ላይ የተመዘገበው 7.7 ነበር።

ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የኖረው ምክር ሳምንታዊውን ርቀት ከ10 በመቶ በላይ አለመጨመር ነበር። እ.ኤ.አ በ2025 ይፋ የሆነውና ከ5 ሺህ 200 በላይ ሯጮችን ለ18 ወራት የተከታተለው ጥናት ግን ትኩረቱን ወደ አንዲት ቀን አዙሮታል። በጥናቱ መሠረት ባለፉት 30 ቀናት ከሮጡት ረጅሙ ርቀት ከእጥፍ በላይ በአንድ ጊዜ የሮጡ ሰዎች የጉዳት መጠን ከሌሎቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በየእሑዱ አራት ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ቆይቶ በውድድሩ ዕለት 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ የከተማችን ነዋሪ ሁኔታ ከዚህ ጋር በትክክል ይገጥማል።

አስፋልት ብቻውን ጥፋተኛ ስለመሆኑ የማያሻማ ማስረጃ የለም። ሆኖም ታዋቂ አትሌቶቻችን የእንጦጦን ጫካ፣ የሱሉልታን ሜዳና ኮሮኮንቹን እያፈራረቁ በአስፋልት ላይ የሚሮጡት በተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው። የመዝናኛ ሯጩ ግን ጎሕ ሳይቀድ፣ ተሽከርካሪ እየሸሸ በመንገዱ ዘመም ባለ ጠርዝ ላይ ይሮጣል።

ሕመም ሲጸናም ብዙዎች ቀድመው የሚሄዱት ወደ ወጌሻ ነው። ለጡንቻ መሸማቀቅ መታሸት ሊያስታግስ ይችል ይሆናል፤ በድካም ብዛት ለተሰነጠቀ የቅልጥም አጥንት ግን አይበጅም። እንዲህ ያለው ስንጥቅ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ምርመራ እንኳ ላይታይ ይችላል።