ጀግናውን ማን ይጠይቀው?

ሾን ኮነሪ ከሠራበት «ዶክተር ኖ» (እ.ኤ.አ. 1962) አንስቶ እስከ ክሪስቶፈር ሪቭ «ሱፐርማን» (1978) ድረስ ያሉት የድሮ የስለላና የሱፐርሂሮ ፊልሞች ዛሬም ቢታዩ አይሰለቹም። ሙዚቃቸው፣ የክፉዎቻቸው ግርማና የታሪካቸው ፍጥነት ተመልካችን ይዞ ይነጉዳል። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ ጀግናው ለማንም መልስ አይሰጥም። ጄምስ ቦንድ የመግደል ፈቃድ ይዞ ይወጣል፤ ስለገደላቸው ሰዎች ግን ተጠይቆ አያውቅም። ሱፐርማንም በሰው ልጅ ታሪክ ጣልቃ እንዳይገባ አባቱ አስጠንቅቆት ሳለ፣ ሎይስ ሌን በመሬት መንቀጥቀጡ ስትሞትበት ምድርን በኃይል እየዞረ ጊዜን ወደ ኋላ ይመልሳል። የሞተችው ስትነሳ ማየት ደስ ይላል። ነገር ግን አንድ ሰው የዓለምን ሁሉ ጊዜ ብቻውን ሲለውጥ «ማን ፈቀደልህ?» የሚለው አንድ እንኳ አይገኝም።

ጥያቄው ከዲላና ከጌዴኦ ሆኖ ሲታይ ይበልጥ ይከብዳል። በጌዴኦ የባሌ ሥርዓት አባ ገዳው የሚመራው በዕድሜ ልክ አይደለም፤ ስምንት ዓመት ሲሞላ ሥልጣኑን ያስረክባል። ጠብ ሲነሳ ጉዳዩ ሶንጎ ላይ ይቀርባል፤ ሽማግሌዎች ግራና ቀኙን ሰምተው፣ ተከራክረው ይፈርዳሉ። መስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያየውም የዚህኑ አኗኗር ፍሬ ነው፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ በመካከሉ በሥርዓት የተጠበቁ ቅዱስ ደኖች። ብዙ ሕዝብ በገደላማ መሬት ላይ ተጠጋግቶ እየኖረ አረንጓዴው የቆየው፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ከሰማይ በወረደ አዳኝ አይደለም።

«ታዲያ ብላክ ፓንተርስ?» የሚለኝ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የ2018ቱ (እ.ኤ.አ.) ፊልም ቅኝ ያልተገዛች፣ በራሷ ዕውቀት የበለጸገች አፍሪካዊት አገር ስላሳየን የሰጠን ኩራት እውነተኛ ነው። ሆኖም የዚያችን አገር፣ የዋካንዳን፣ አገዛዝ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። የጎሳ መሪዎች ተሰብስበው ይናገራሉ፤ ዙፋኑ ግን ተፎካካሪ ሲነሳ የሚወሰነው ፏፏቴ ላይ በሚደረግ የሁለት ሰዎች ፍልሚያ ነው። ተፎካካሪው ኪልሞንገር ንጉሡን ቲቻላን አሸንፎ እንደነገሠ የነገሥታቱን ኃይል የሚሰጠው ተክል በሙሉ እንዲቃጠል ያዝዛል። የተክሉ ጠባቂ ስትቃወም ጉሮሮዋን አንቆ ያነሳታል፤ ተክሉም ይነዳል። በትውልድ የተጠበቀ ሀብት በአንድ ሰው ቃል አመድ ሲሆን የሚያስቆም ችሎት የለም። የጦር አዛዧ ኦኮዬ እንኳ በአዲሱ ንጉሥ ላይ የምትነሳው ቲቻላ በሕይወት መኖሩን ካየች በኋላ ነው። እሱ ሞቶ ቢሆን ኖሮስ?

ፊልሙ እኛን የሚበልጥበት ነገር መኖሩን ግን አልክድም። ኦኮዬ፣ ሹሪና ናኪያ የተባሉት ሴቶች በአገራቸው ጉዳይ መሃል ላይ ናቸው፤ ሶንጎ ግን ከጥንት የወንድ ሽማግሌዎች ወንበር ሆኖ ነው የኖረው። ይህ ሊስተካከል የሚገባው ነገር ነው፤ የሥርዓቱን ዋና ሐሳብ ግን አያፈርሰውም።

ሌላው ተቃውሞ «ተቀምጠው የሚነጋገሩ ሽማግሌዎች ፊልም አይሆኑም» የሚል ነው። በ1965 (እ.ኤ.አ.) ሪቻርድ በርተን የተጫወተበት «ከብርዱ የመጣው ሰላይ» መልስ ይሰጣል። እዚያ ውስጥ ልብ የሚያንጠለጥለው ተኩስ ሳይሆን ሰዎች ተቀምጠው የሚጠያየቁበት ችሎት ነው፤ ሰላዩ የገዛ አለቆቹ ለምን እንደላኩት የሚገባው እዚያው፣ ምስክር ሲሰማ ነው። ከዲላ የሚነሳ የፊልም ጸሐፊ ይህን ውጥረት በእጁ ይዟል። እኔ ማየት የምፈልገው፣ ጀግናው ክፉውን ካሸነፈ በኋላ ሶንጎ ፊት ቆሞ ስለሰበረው፣ ስላቃጠለውና ስለገደለው አንድ በአንድ የሚጠየቅበትን ፊልም ነው፤ ከጠያቂዎቹም መካከል ሴቶች ይኑሩበት።