የግንባታ ፈቃድ ቁጥር ለሠራተኛው ምን ይነግረዋል?

ከመሐል ቤይሩት በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በቀድሞው የደማስቆ መንገድ ላይ የምትገኘው ፉርን ኤል ሸባክ አፓርታማዎች ጥቅጥቅ ብለው የቆሙባት ሰፈር ናት። በእንዲህ ያለ ሰፈር አዲስ ግንባታ ሲጀመር የፈቃዱን ቁጥርና የመሐንዲሱን ስም የያዘ ሰሌዳ በአጥሩ ላይ ይሰቀላል። በዓረብኛ «ሩኽሳት ቢናእ» የሚባለው ይህ የግንባታ ፈቃድ ለአላፊ አግዳሚው ተራ ማስታወቂያ ቢመስልም፣ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የነገውን ገበያ ከሚገምቱባቸው መረጃዎች አንዱ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፈቃድ ከግንባታ ይቀድማል፤ ፈቃድ የሚያወጣ ሰውም ገንዘብ ወይም ብድር እንደሚያገኝ ተማምኗል ማለት ነው። ፈቃዱ በበዛ ቁጥር ከወራት በኋላ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ የቀን ሠራተኛ፣ ቀጥሎም የቤት ዕቃና የቤት ሠራተኛ ይፈለጋል። በአሜሪካ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤቶች ፈቃድ ከአፓርታማዎች ተለይቶ በየወሩና በየክልሉ ይፋ የሚደረገውም ስለዚህ ነው።

በሊባኖስ ፈቃዱን የሚመዘግቡት የቤይሩትና የትሪፖሊ የመሐንዲሶች ማኅበራት ሲሆኑ፣ መለኪያውም የቤት ብዛት ሳይሆን ካሬ ሜትር ነው። ፉርን ኤል ሸባክ በባአብዳ አውራጃ ሥር በመሆኗ የምትቆጠረው በጀበል ሉብናን ክፍለ ሀገር ነው። በዚህ ድምር ውስጥ በተራራ መንደር የሚሠራ የአንድ ቤተሰብ ቤትና በከተማ ዳርቻ የሚቆም ባለብዙ ፎቅ ሕንፃ ተቀላቅለው ይገኛሉ።

እ.ኤ.አ. በ2010 በመላ አገሪቱ ፈቃድ የተሰጠበት ስፋት ከ17 ሚሊዮን ካሬ ሜትር በላይ ነበር። በ2018 ግን ወደ 9 ሚሊዮን ገደማ አሽቆለቆለ፤ በዚያው ዓመት በማዕከላዊ ባንኩ የሚደጎመው የቤት ብድር ተቋርጧል። በጥቅምት 2019 ሕዝባዊ ተቃውሞ ፈነዳ፤ ባንኮች የደንበኞችን ተቀማጭ ያዙ፤ በመጋቢት 2020 መንግሥት የውጭ ዕዳውን መክፈል አቆመ። ቁልቁለቱ ከቀውሱ በፊት በፈቃዱ መዝገብ ላይ ታይቶ ነበር። ይሁን እንጂ ምልክቱ በ2020 አሠሪዎቻቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ለሄዱት እኅቶቻችን አልደረሰም።

መለኪያው ግን ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም። በ2021 የፈቃዱ ስፋት ካለፈው ዓመት ጨምሮ ነበር፤ ኢኮኖሚው ግን አላገገመም። ገንዘባቸው በባንክ የታገተባቸው ሰዎች በቼክ መሬትና ቤት ገዝተው ሀብታቸውን ለማዳን ሲሯሯጡ ነበር። በሊራ የሚከፈለው የፈቃድ ክፍያም ከሊራው ጋር ረክሶ ነበር። ከፍርሃት የወጣ ፈቃድና ከተስፋ የወጣ ፈቃድ በመዝገብ ላይ አንድ ይመስላሉ።

ዛሬም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያሻል። የዓለም ባንክ በመጋቢት 2025 ባወጣው ግምገማ፣ ከጦርነቱ በኋላ ለመልሶ ግንባታና ለማገገሚያ 11 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ፣ በመኖሪያ ቤቶች ላይ ብቻ የደረሰው ውድመትም 4.6 ቢሊዮን ዶላር እንደሆነ ገልጿል። ስለዚህ በደቡብና በነበጢየህ ፈቃድ ቢበዛ የፈረሰ ቤት እየተተካ ነው ማለት ሊሆን ይችላል እንጂ ብልጽግና መጣ ማለት አይደለም። በጀበል ሉብናን የሚታይ ጭማሪ ግን ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል።

እንግዲህ አንባቢ ስለ ፈቃድ ጭማሪ ዜና ሲሰማ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይገባዋል። ጭማሪው በየትኛው ክፍለ ሀገር ነው? የሲሚንቶ ሽያጭስ አብሮ ጨምሯል? ግንባታው የሚካሄደው በብድር ነው ወይስ በጥሬ ዶላር? ሲሚንቶው ካልተንቀሳቀሰ ፈቃዱ ወረቀት ብቻ ነው።

ለሠራተኛው ደግሞ አራተኛ ጥያቄ አለ፤ ደመወዙ የተጻፈው በየትኛው ገንዘብ ነው? አንድ ዶላር 1,507.5 ሊራ በነበረበት ጊዜ የ300,000 ሊራ ደመወዝ 200 ዶላር ያህል ነበር። ዶላሩ 89,500 ሊራ ሲደርስ ያው ደመወዝ ከ4 ዶላር በታች ሆኗል። በአጎራባቹ ሕንፃ እየተገነባ ነውና ሥራ አይጠፋም ብሎ ውል ከማደስ በፊት፣ ውሉ ላይ «ዶላር» የሚለው ቃል መኖሩን ማየት ይቀድማል።