ያልታሰበ ወለድ

ገንዘብ መበደር ነውር አይደለም። ቤት ለመግዛት፣ ሱቅ ለመክፈት ወይም ትምህርት ለመቀጠል ያሰበ ሰው ደመወዙ እስኪጠራቀም ድረስ ቢጠብቅ ዕድሜው ያልፍበታል። ባንክም ከሚያስቀምጠው ተቀብሎ ለሚሠራበት ያበድር ዘንድ የተቋቋመ ነው። ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ተነሥቶ በገርጂና በሰሚት አድርጎ እስከ አያት የሚጓዝ ሰው፣ በየሕንጻው ሥር የባንክ ቅርንጫፍ፣ ከበላዩም በብድር የተገዛ መኖሪያ ቤት ማግኘቱ ይህንኑ ያስረዳል።

በእነዚህ ሰፈሮች የሚሰማው ቅሬታ ግን በብድሩ ሳይሆን በወለዱ ላይ ነው። ይኸውም አንድ ሰው በታወቀ የወለድ ልክ ተዋውሎ፣ ጥቂት ዓመት በሰላም ሲከፍል ከቆየ በኋላ፣ ወለዱ ከፍ ማለቱን ይሰማል። «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ምንም አላጠፋም። ነገር ግን ባንኩ የወለዱን ልክ እንደ ጊዜው ሁኔታ ሊለውጥ እንደሚችል የሚናገር አንቀጽ በባንኮቻችን የብድር ውሎች ውስጥ የተለመደ ነው። እንግዲህ ብዙውን ጊዜ ጭማሪው ያልታሰበ የሚሆነው በውሉ ሳይጻፍ ቀርቶ ሳይሆን፣ የተጻፈው ሳይነበብ ስለሚፈረም ነው።

የወለድ ልክ ያለ ምክንያት አይነሣም። ባንክ የሚያበድረው የሌላውን ሰው ገንዘብ ስለሆነ፣ ለአስቀማጩ የሚከፍለው ሲጨምር ከተበዳሪው የሚጠይቀውም ይጨምራል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ሲያደርግ፣ የማበደሪያውን ወለድ ለየባንኩ ውሳኔ ትቶታል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ተደረገ፤ እህል በገበያ ሲያንስ እንደሚወደድ ሁሉ ብድርም ሲያንስ ይወደዳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የገንዘብ ፖሊሲውን በወለድ ልክ መምራት ሲጀምር፣ መነሻው 15 በመቶ ነበር። ጋዜጣ የሚያነብ ተበዳሪ ደመናውን አይቶ ለዝናቡ ሊዘጋጅ ይችላል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። 500,000 ብር በ15 ዓመት ለመክፈል በ15 በመቶ ወለድ የተበደረ ሰው በየወሩ 7,000 ብር ያህል ይከፍላል። ወለዱ ገና ከመጀመሪያው ወደ 20 በመቶ ቢወጣ የወሩ ክፍያ 8,780 ብር ገደማ ይሆናል። ከወር ደመወዝ 1,780 ብር መጉደሉ ራሱ ከባድ ነው። ተበዳሪው ለውጡን ችላ ብሎ በቀድሞው 7,000 ብር ቢቀጥል ግን የባሰ ይመጣል፤ በ20 በመቶ የአንድ ወር ወለድ ብቻ 8,333 ብር ስለሆነ፣ በየወሩ እየከፈለ ዕዳው እያደገ ይሄዳል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731፣ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል ይላል። ስለዚህ ፈርሞ ሲያበቃ «አላነበብሁትም» ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ያው ሕግ በቁጥር 2479፣ ሰው ለሰው በሚያበድረው ገንዘብ በዓመት ከ12 በመቶ የበለጠ ወለድ እንዳይዋዋል ይከለክላል፤ ባንኮች ግን የሚተዳደሩት በብሔራዊ ባንክ ሕግና መመሪያ ነው። የባንክ ወለድ ጨመረ ብሎ ወደ አራጣ አበዳሪ የሚሮጥም ከድጡ ወደ ማጡ ይገባል።

ይህን ስንል ባንኮችን ከኃላፊነት ነጻ ማውጣታችን አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካ፣ በካርድ ስለሚሰጥ ብድር በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ አበዳሪው ወለድ ከመጨመሩ ከ45 ቀን በፊት እንዲያስታውቅ ያስገድዳል፤ ተበዳሪው ከ60 ቀን በላይ ካላዘገየ በቀር አዲሱ ልክ በአብዛኛው በአሮጌው ዕዳ ላይ አይጫንም። በእኛ አገር ብዙው ሰው የያዘው ካርድ ያስቀመጠውን የሚያወጣበት እንጂ የሚበደርበት አይደለም፤ የሕጉ አሳብ ግን ለቤት ብድርም ይስማማል። ብሔራዊ ባንካችንም በ2020 እ.ኤ.አ. የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን ስለ መጠበቅ መመሪያ አውጥቷል። ባንኮች አዲሱን የወር ክፍያ በቁጥር ጽፈው በቂ ጊዜ ሲቀረው ለተበዳሪው ቢያሳውቁ፣ አመኔታ ያተርፋሉ እንጂ አይጎዱም።

ከተበዳሪውም የሚጠበቅ አለ። ከመፈረሙ በፊት ወለዱ የጸና ነው ወይስ ተለዋዋጭ ብሎ ይጠይቅ፤ ተለዋዋጭ ከሆነም 5 በመቶ ቢጨምር ለመክፈል መቻሉን በወረቀት ያስላ፤ የማይችል ከሆነ ያነሰ ይበደር። ጭማሪው ከመጣ በኋላ ደግሞ ዝም ብሎ ከማዝገም ይልቅ ወደ ባንኩ ሄዶ አዲሱን የአከፋፈል ሠንጠረዥ በጽሑፍ ይቀበል፤ ዘመኑ እንዲራዘምለትም ያመልክት። ትርፍ ገንዘብ ባገኘ ጊዜ ዋናውን ዕዳ ቢቀንስ ወለዱም አብሮ ይቀንስለታል። ቅሬታውን አስቀድሞ ለባንኩ፣ መልስ ሲያጣም ለብሔራዊ ባንክ በጽሑፍ ያቅርብ።

ተማሪዎችም ነገሩ አይመለከተንም እንዳይሉ አደራ እንላለን። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር መላን የመሰለ ብድር በስልክ ይገኛል። የሚከፈለው ገንዘብ ወለድ ባይባል እንኳ የአገልግሎት ዋጋ አለው፤ ቀኑ ሲያልፍም ቅጣት ይከተላል። ለአንድ ቅዳሜ ማታ ጨዋታ እንዲህ ያለውን ብድር መውሰድ፣ አባቶቻችን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ያሉት ነው።

ነገ በባንክ፣ በፍርድ ቤትና በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ተቀምጦ የሌላውን ሰው ውል የሚያረቅ የዛሬው ተማሪና ወጣት ሹም ነው። የራሱን ውል አንብቦ የሚፈርም ሰው፣ ለሌላው ሲያረቅ ተበዳሪው የሚረዳውን ቋንቋ ይመርጣል ብለን እናምናለን።