የገና ገበታ አዘገጃጀት

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ገና እየቀረበ ስለ ሆነ ስለ እንግዳ ገበታ እንነጋገራለን። «ይህ የሴቶች ጉዳይ አይደለምን?» የሚል ወጣት እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ወዳጄ ሆይ፤ ቤት ተከራይተህ ብቻህን የምትኖር የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ከሆንህ፣ አለቃህ ወይም የትምህርት ቤት ጓደኞችህ ለበዓል ሲመጡ ገበታውን የሚያሰናዳልህ ማን መስሎህ ነው?

ነገሬን በራሴ ጥፋት እጀምራለሁ። በ2015 ዓ.ም. የገና ዕለት፣ መምህር ሆኜ በተቀጠርሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ርእሰ መምህሩን ከነባለቤታቸው፣ ከባልደረቦቼም ሦስቱን ለእራት ጠራሁ። ከእኔ ጋራ ስድስት መሆናችን ነው። ስድስት ወንበር፣ ስድስት የሸክላ ሳህን፣ ስድስት ሹካና ቢላዋ ከጎረቤት ተዋስሁ። ለጠረጴዛ ልብስ፣ ለሻማና ለአበባ ያወጣሁትን ብነግርህ ትታዘበኛለህ፤ የወር ደመወዜን ሲሶ ያህል ነው። እናቴ በዋዜማው ቅቤና አንድ ዶሮ ይዛ ከገጠር መጥታ ነበርና ወጡን የሠራችው እርሷ ናት።

ጠረጴዛው በእርግጥ ያምር ነበር፤ እንግዶቹም አመስግነዋል። ነገር ግን ሁሉም እንጀራውን በሹካ እየወጋ፣ ቢላዋውን ወዴት እንደሚያኖረው እየተቸገረ ወጡ በሳህኑ ላይ ቀዘቀዘ። ርእሰ መምህሩም እግሩን በቢላዋ ሊቈርጡ ሲታገሉ ብልቱ ሾልኮ ከአዲሱ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ዐረፈ። ሁላችንም ሳቅን፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥጋ የነካ ሰው አልነበረም። እንግዶቹን ሸኝቼ ወደ ጓዳ ብገባ እናቴ በዱካ ላይ ተቀምጣ የድስቱን ውስጥ በቍራሽ እንጀራ ትጠርጋለች። «ሰዎቹ ጠገቡ?» ብላ ጠየቀችኝ። የወንበሩ ቍጥር ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። እንቍላሉም ለእንግዶቹና ለእኔ ሁለት ሁለት ሲታደል ለእርሷ አልተረፈም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ጨርቅ ከመምረጥህ በፊት ሰው ቍጠር። ከእንግዶቹ ጋራ የሚያበስለውን፣ የሚያሳልፈውን፣ ጎራ የሚል የጎረቤት ልጅ ካለም እርሱን ጨምር። ዶሮ እንደ ደንቡ 12 ብልት ይወጣዋል፤ እንቍላሉም በዚያው ልክ ይቀቀላል። ሰው ከዚያ ከበለጠ ሁለተኛ ዶሮ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ ካልበቃህ ደግሞ የሚጠራውን ሰው መቀነስ እንጂ ብልቱን መቈራረጥ አያምርም። በልማድ ፈረሰኛው የአባወራው ነው። ትልቅ ሰው በእንግድነት ከመጣ ግን ለማን ምን እንደሚወጣ አስቀድመህ ለአሳላፊው ንገረው፤ በእንግዶች ፊት በድስት ላይ መንሾካሾክ ነውር ነው።

አንድ መሶብ አራት ወይም አምስት ሰው በደኅና ያስተናግዳል። ስድስተኛው ክንዱን እየሰበሰበ ነው የሚበላው። ጠረጴዛ ካልሆነ የምትል ከሆነ ለሦስት ለሦስት ሰው አንዳንድ ሰፊ ትሪ አድርግና እንጀራውን በዚያ ላይ ዘርጋ። ሹካ ለሰላጣና ለሩዝ ይሁን። እርሱንም ስታኖር ሹካው በሳህኑ ግራ፣ ቢላዋው በቀኝ ሆኖ ስለቱ ወደ ሳህኑ ይዙር። እንጀራን ግን ቀኝ እጅ እንደሚያነሣው የሚያነሣው መሣሪያ እስካሁን አላየሁም፤ በዚህ ከእኔ ጋራ የማይስማማ ቢኖር ደብዳቤ ይጻፍልኝ።

ጠረጴዛውን ለማልበስ ከሽሮ ሜዳ የተገዛ ነጭ ሸማ ጥለቱ በግራና በቀኝ እንዲወርድ ብታደርገው፣ አበባ ከታተመበት የላስቲክ ልብስ እጅግ ይሻላል። ወጡ እንዳያቀልመው ከትሪው ሥር ሌላ ጨርቅ መደረብ ነው። አደይ አበባ የመስከረም ነውና በታኅሣሥ አትፈልገው። ጽጌረዳ ግን አገራችን ከሆለታና ከሌሎችም እርሻዎች ወደ ውጭ የምትልከው አበባ ስለ ሆነ በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ይገኛል። ግንዱን አሳጥረህ በብርጭቆ አኑረው፤ እንግዶቹ ፊት ለፊት መተያየት አለባቸው። የላስቲክ አበባስ? እንኳን ለእንግዳ ለራሴም አላደርገው። ቄጤማውን ደግሞ እንግዶቹ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጎዝጕዘው። ከጧት ጀምሮ የተጎዘጎዘ ማታ ድርቆሽ ይሆናል።

እጅ ማስታጠብን የቧንቧ ውሃ አለ ብለህ አትተው። ዐሥር ሰው በአንዲት ጠባብ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ተሰልፎ ከሚቆም፣ አንድ ልጅ ማስታጠቢያውን ይዞ፣ ፎጣውን በክንዱ ላይ አድርጎ ቢዞር ይሻላል። የታኅሣሥ ማታ ብርድ ነውና ውሃው ለብ ይበል። በዕድሜ ከሚበልጠው ይጀመር፤ ልጁም ጐንበስ ብሎ ያስታጥብ። ዳቦውንም የሚባርከውና የሚቈርሰው ትልቁ ሰው ነው። በኮባ ቅጠል የተጋገረ ድፎ ዳቦ ካለህ ከነቅጠሉ አቅርበህ በፊታቸው ብታነሣው ሽታው ብቻውን ገበታ ነው።

ስለ መቀመጫ ቅደም ተከተል ስናነሣ የድሮው ግብር ትዝ ይለኛል። በዐፄ ምኒልክ አዳራሽ ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱ ጋራ በመጋረጃ ተከልለው አስቀድመው ይበሉ ነበር። ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና ወታደሩ በየተራው እየገባ ይበላል። ሺሕ ሰው ለሚያበላ ቤት ይህ ሥርዐት አስፈላጊ ነበር ይሆናል። የእኔ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ መጋረጃውም በጓዳና በሳሎን መካከል ተሰቅሏል። በዚያ የገና ማታ ሳይገለጥ ቀረ።

ጠጅ በብርሌ፣ ጠላ በዋንጫ ወይም በብርጭቆ ይቀርባል፤ ለማይጠጣው ደግሞ ብርዝ አዘጋጅ። እንግዳህን «ጠጣ፣ ካልጠጣህ» ብለህ አታስጨንቀው። ጉርሻም ቢሆን ሁለት ከሆነ በቂ ነው። ዕጣኑን ከቡናው ጋራ አጭሰው እንጂ ገበታው ሳይነሣ አትጀምር፤ የወጡን ሽታ ይሻማዋል። ከአቦል እስከ በረካ የሚቆይ እንግዳ ቤትህን ወዶታል ማለት ነው፤ ሰዓትህን አትመልከት።

ዘንድሮ እኔ ጠረጴዛውን ለዳቦና ለመጠጥ ብቻ አድርጌዋለሁ። ከጎረቤቴ ከእትዬ ሁለት መሶብ ተውሻለሁ፤ ልጃቸውም እንጀራ ልታቀርብልኝ ቃል ገብታለች። የጠራሁት ስምንት ሰው ነው፤ እናቴ ዘጠነኛ ናት። ስፍራዋን ከግድግዳው በኩል፣ በሩን እያየች እንድትቀመጥ መርጬላታለሁ። በስልክ ይህን ብነግራት፣ «እኔ ከእንግዳ ጋራ ተቀምጬ ወጡን ማን ሊያወጣው ነው? አንተ ነህ?» ብላ ተቈጣች። እኔ ነኝ ብላት ሳቀችብኝ፤ እስካሁንም አልተስማማንም። ቅቤውን ግን በሐሙስ መኪና ልካለች።